የጣና ደሴቶች ጉብኝት፦ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ለሚነሱ ተጓዦች

የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ወልድያ፣ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳና አካባቢያቸው ከወንዝና ከምንጭ በቀር ሰፊ የውኃ አካል የላቸውም። የመርሳን የፍራፍሬ ማሳዎች የሚያጠጣው ውኃ ከምዕራቡ ተራራማ ስፍራ ወርዶ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር የሚዘልቅ በመሆኑ፣ የአካባቢው ነዋሪ ውኃን የሚያውቀው በአመዛኙ ሲያልፍ እንጂ ተንጣሎ ሲቀመጥ አይደለም። በመሆኑም በዕረፍት ጊዜው ሐይቅ፣ ደሴትና የውኃ ውስጥ ሕይወት ለመጎብኘት የሚሻ የመንግሥት ሠራተኛ ከሁለት አቅጣጫዎች አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ወደ ደቡብ፣ በቅርብ ርቀት ወደሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ የሚወስደው ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣናና ወደ ደሴቶቹ የሚያደርሰው ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላ የዳህላክ ደሴቶች ከኢትዮጵያ ወሰን ውጭ በመሆናቸው፣ ከደሴት ደሴት በጀልባ እየተዘዋወሩ መጎብኘት ለሚፈልግ ሰው በአገር ውስጥ ተቀዳሚው ስፍራ ጣና ነው።

ከመርሳ ተነስቶ በዋናው የደሴ መንገድ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው በደቡብ ወሎ ዞን ተሁለደሬ ወረዳ ከምትገኘው የሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የጥልቀቱ መጠን ደግሞ እስከ 88 ሜትር እንደሚደርስ ጥናቶች ያመለክታሉ። ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑትና በአገሪቱ የትምህርትና የመጻሕፍት ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረ ሲሆን፣ የሐይቁ ውኃ በመቀነሱ ስፍራው ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ሆኗል። በእግር ወደ ገዳሙ የሚገባ ጎብኚ የሚረግጠው መሬት በአንድ ወቅት የሐይቅ ወለል እንደነበረ ልብ ማለት ይኖርበታል።

የሐይቅ ሐይቅ ስለ ጣና ለሚነገረው ጉዳይ መግቢያ የሚሆን አንድ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁን ያጠኑ ተመራማሪዎች ውኃው እጅግ የጠራና ወደ ታች ዘጠኝ ሜትር ያህል የሚያሳይ መሆኑን መዝግበው ነበር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የአካባቢውን ሕዝብ ምግብ ለማሻሻል በሚል ቆሮሶ የተባለው የዓሣ ዝርያ ከሌላ ስፍራ መጥቶ ተጨመረበት። ዓሣው ተራብቷል፤ አጥማጆችም ተጠቅመውበታል። ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ የተመለሱ ተመራማሪዎች ያገኙት ውኃ አረንጓዴነት ያየለበትና ከቀድሞው ጋር የማይነጻጸር ሆነ። ከለውጡ ምክንያቶች እንደ አንዱ የተጠቀሰውም የአዲሱ ዓሣ መግባት ነው። ቆሮሶው በደቃቅ የውኃ እንስሳት ላይ ጫና ሲያሳድር፣ በእነዚሁ እንስሳት ይበላ የነበረው ረቂቅ የውኃ ዕፅ ያለ ከልካይ ይበዛል። ለዓሣ ልማት በጎ ታስቦ የተወሰደ አንድ እርምጃ የአንድን ሐይቅ መልክ ሊለውጥ እንደሚችል ከሰሜን ወሎ ብዙም ሳይርቅ የሚታይ ምሳሌ ነው።

ከወልድያ እስከ ባሕር ዳር ያለው ርቀት 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከወልድያ ወጥቶ በድልብ በኩል ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ በመቄት ደጋ ላይ ይዘልቃል። ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መገንጠያ ወደ ቀኝ ትቶ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ ይደርሳል። ተጓዡ ዳገቱን ሲጨርስ ከአዋሽ ተፋሰስና ከአፋር ምድር ውኃዎች ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያገኛቸው ወንዞች ወደ ተከዜና ወደ ዓባይ የሚገቡ ናቸው። በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር መካከል የሚታየው የጉና ተራራ በተለይ ሊታወስ ይገባል። ጣናን ከሚመግቡት አራት ታላላቅ ወንዞች ሁለቱ፣ ማለትም ጉማራና ርብ፣ የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነውና። የቀሩት ሁለቱ ግልገል ዓባይና መገጭ ናቸው። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር የሚታጠፈው መንገደኛ በሩዝ ምርቱ የታወቀውን የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጥ ጉማራን በድልድይ ይሻገራል። ብዙ ሰው ይህን ድልድይ የሚያልፈው ስለሚሄድበት ስብሰባ እያሰበ ነው። ይሁን እንጂ የጣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ዋናው ጉዳይ የሚወሰነው በዚህ ወንዝና በሦስቱ መሰሎቹ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1 ሺህ 800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኝ ቢሆንም በሞቃታማው የምድር ቀበቶ ውስጥ ነው። ይህን ያህል ስፋት እያለው ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑ፣ ማለትም ከትንሹ የሐይቅ ሐይቅ በስድስት እጥፍ ገደማ ማነሱ፣ ብዙዎችን ያስገርማል። በሐይቁ ውስጥ 37 ደሴቶች እንደሚገኙ የሚነገር ሲሆን፣ ከእነዚህም 20 በሚሆኑት ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት አሉ ወይም ነበሩ።

ጣናን ከሌሎች ሐይቆች ልዩ የሚያደርገው በዓሦቹ ነው። በጥንት ዘመን የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የዓባይን መውጫ በመዝጋቱ የተፈጠረው ይህ ሐይቅ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች በሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምክንያት ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ተነጥሎ ኖሯል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ፏፏቴውን ሊወጣ አይችልም። በዚህ መነጠል የተነሳ ቢልጫ በመባል የሚታወቁት የበርበስ ወገን ዓሦች በሐይቁ ውስጥ እየተለያዩ ሄደው፣ በ1980ዎቹ የተካሄዱ ጥናቶች 15 ዝርያዎችን ለይተዋል። አንዳንዱ በጥልቁ፣ አንዳንዱ በዳርቻው ድንጋይ መካከል ይኖራል፤ አንዳንዱ ቅጠላ ቅጠልና ቀንድ አውጣ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሌሎች ዓሦችን ይመገባል። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል መሆናቸው ለዘርፉ ባለሙያዎች ልዩ ግኝት ሆኗል፤ የዚህ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው በመሆኑ አዳኝነት የማይጠበቅባቸው ናቸውና።

በዓለም ላይ የጣናን መሳይ የዝርያዎች ስብስብ የነበረው ሌላው ታዋቂ ሐይቅ በፊሊፒንስ የሚገኘው ላናዎ ነው። በዚያ ሐይቅ ባዕዳን ዓሦች እንዲገቡ ተደርጎ፣ ዓሣ ማጥመዱም ከልክ በማለፉ፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2013 ዓ.ም. በሐይቁና በሚወጣው ወንዝ ብቻ ይገኙ ከነበሩት 17 ዝርያዎች 15ቱ መጥፋታቸውን፣ የቀሩት ሁለቱም ምናልባት ጠፍተው ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ጣና የያዘው ስብስብ ተተኪ የሌለው ነው።

ከጣና በርበሶች አብዛኞቹ በሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ከሐምሌ ጀምሮ ወንዞች ሲሞሉ በመንጋ ተሰብስበው በወንዞቹ አፍ ይቆማሉ። ከዚያም በጉማራ፣ በርብ፣ በግልገል ዓባይና በመገጭ ሽቅብ ወጥተው፣ ወደ ጠሩት ገባር ጅረቶች ገብተው በጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዕንቁላሉ ደለል የማይጫነውና ንጹሕ አየር ያለው ውኃ የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ወቅቱ ነሐሴና መስከረም ላይ ይበረታል። ይህ ጠባይ ለዓሣው ዘር መቀጠል የሚበጀውን ያህል ለአጥማጁም ያመቻል። በአራት ወንዞች አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የሚኖረውን ሀብት በጥቂት ሳምንታት ሊሰበስበው ይችላል። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ዘመናዊ መረቦች ሲገቡ የሆነውም ይኸው ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባሉት አሥር ዓመታት የበርበሶቹ ብዛት በ75 በመቶ ያህል መቀነሱን በወቅቱ የታተመ ጥናት አሳይቷል።

በዚህ ላይ ሌሎች ጫናዎች ተደርበውበታል። በገባር ወንዞች ላይ ብርብራ ፍሬን ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣን ማደንዘዝና መያዝ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ለግንባታ የሚወሰደው አሸዋና ጠጠር የዓሣው መራቢያ የሆነውን የወንዝ ወለል ይነካል። ለመስኖ የተሠሩ ግድቦች መተላለፊያውን ይዘጋሉ። ከጉና አቀበት የሚታጠበው አፈር ዕንቁላሉን ያለብሳል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሐይቁ ላይ የሚፈጸሙ አይደሉም፤ በግብርና፣ በውኃ፣ በማዕድንና በመንገድ ሥራ ከተሰማሩ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች የዕለት ተዕለት ውሳኔ ጋር የተያያዙ ናቸው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለጥበቃው ሕጋዊ መሠረት ሆኖ ያገለግላል። ሕጉን በነሐሴ ዝናብ በጉማራ አፍ ተገኝቶ ማስከበር ግን ከማውጣቱ እጅግ የከበደ ሥራ ነው።

ጎብኚውን የሚመለከት አንድ ነጥብም አለ። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊው ቁጥር በከተሞች ከፍ ይላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ የሚነሳ ባይሆንም፣ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚጾም በመሆኑ ዓሦቹ ለመራባት በወንዞች አፍ ከሚሰበሰቡበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ባሕር ዳር ላይ በዚህ ወቅት የዓሣ ምግብ የሚያዝ እንግዳ የትኛው ዓሣ እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። ቆሮሶና አምባዛ ለመራባት እንደ ቢልጫ በአንድነት ወደ ወንዝ ሽቅብ የሚጓዙ አይደሉም።

ጣናና ዙሪያው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ የዓለም የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ከካፋ፣ ከያዩና ከሸካ ቀጥሎ በኢትዮጵያ አራተኛው ነው። ጠቅላላ ስፋቱ 695 ሺህ 885 ሄክታር ሲሆን፣ በሦስት ቀጣናዎች ይከፈላል። 22 ሺህ 841 ሄክታር የሚሆነው ጥብቅ ቀጣና ነው። 187 ሺህ 567 ሄክታር የሚሸፍነው የከለላ ቀጣና የጥብቁን ስፍራ ጠባይ የማይጎዱ ሥራዎች፣ ለምሳሌ ጉብኝት፣ ትምህርትና ምርምር፣ የሚከናወኑበት ነው። ቀሪው 485 ሺህ 477 ሄክታር የሽግግር ቀጣና ሲሆን፣ እርሻና ከተማ፣ ባሕር ዳርም ጭምር፣ በዚህ ዓይነቱ ቀጣና ይታቀፋሉ። ከቁጥሮቹ እንደሚታየው በሙሉ ጥበቃ ሥር ያለው ከጠቅላላው ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ነው። የባዮስፌር ክልል ሰው የሚወጣበት ፓርክ ሳይሆን ሰውና ተፈጥሮ አብረው እንዲኖሩ የታሰበበት ስፍራ መሆኑን ማወቅ ለጎብኚም ሆነ ለኃላፊ ይጠቅማል።

ነጭ አሸዋ የተነጠፈበት ዳርቻ ጠብቆ የሚመጣ ሰው በጣና አያገኘውም። የሐይቁ ዳር ጥቁር ድንጋይ፣ ጭቃና ደንገል ነው። ደንገሉ ለዓሣ ጫጩት መጠለያ፣ ለወፍ ጎጆ፣ ለታንኳ ሠሪ ደግሞ ጥሬ ዕቃ ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ አባላትና ሌሎች የሐይቁ ነዋሪዎች ደንገል አስረው የሚሠሩት ታንኳ ዛሬም በባሕር ዳር አቅራቢያ ይታያል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ማየት ይቻላል። ከወፎች ውስጥ ይብራ፣ ዓሣ በል ንስርና ዘውዳማ ቁርባ የመሳሰሉት የሚገኙ ሲሆን፣ በበጋ ወራት ከሰሜናዊው ዓለም የሚፈልሱ ቁርባዎች በፎገራ ረግረግ በብዛት ያርፋሉ። ረግረጉ ለሩዝና ለአትክልት እየታረሰ በመሄዱ ማረፊያቸው ጠብቧል። በዳርቻው መዋኘት አይመከርም፤ የቢልሃርዝያ በሽታ በሐይቁ ዙሪያ የታወቀ ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቁ የሐይቁ ክፍል መታየት የጀመረው እምቦጭ ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ ነው። የትውልድ ስፍራው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በውኃ ላይ ተንሳፎ በፍጥነት ይስፋፋል፤ ብርሃንና አየርን ይከለክላል፤ የጀልባ መንገድ ይዘጋል። ከመላ አገሪቱ የተውጣጡ ዜጎች በእጅ ለመንቀል የተሰለፉበት፣ ማሽኖችም የገቡበት ዘመቻ ተካሂዷል። አረሙ ከሚበላው ንጥረ ነገር የሚበዛው ግን ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚመጣ ነው። ሐምራዊ አበባው ውብ በመሆኑ ቀንጥሶ ወደ ቤት መውሰድ የሚቃጣው ጎብኚ አይጠፋም። ከአንዲት ትንሽ ቁራጭ እንደገና ሊበቅል ስለሚችል ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። በተለይ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ አርዲቦ አቅራቢያ የሚመለስ የወሎ ተጓዥ ይህን ቢጠነቀቅ ይበጃል።

ደሴቶቹን በተመለከተ ለአንድ ቀን የሚመቸው ጉዞ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር የሚደረገው ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የዘጌ ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል በመሆኑ ጫካው ሳይመነጠር ለዘመናት ቆይቷል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በግድግዳ ሥዕሎቻቸው የታወቁ ናቸው። በመንገድ ላይ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ይገኛሉ። ራቅ ብሎ ለሚሄድ፣ ከደሴቶቹ ትልቁ ደቅ፣ በላዩም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። አጠገቡ የሚገኘው ደጋ እስጢፋኖስ አፄ ዘርዓ ያዕቆብንና አፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አጽም የሚገኝበት ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ያለው ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ አስቀድሞ ያረፈችበት ስፍራ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። በሰሜኑ ጫፍ ጎርጎራ ትገኛለች፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተገነባው ሪዞርት በ2016 ዓ.ም. ተመርቆባታል።

በገዳማቱ ዙሪያ ያለው አገር በቀል ደን ሳይቆረጥ የቆየው ከማናቸውም ምዝገባ በፊት በገዳማቱ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ለጎብኚውም ይሠራል። ደጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡባቸው ናቸው፤ ናርጋ ሥላሴ፣ እንጦስ ኢየሱስና የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉንም ይቀበላሉ። የሠራተኞች ጉብኝት የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ይህን አስቀድመው ሳያውቁ ጀልባ ተከራይተው፣ ሴት ባልደረቦች በወደብ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ሁኔታ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ፕሮግራሙን ለሁሉም ክፍት ከሆኑት ስፍራዎች መጀመር ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት የየብስ ጉዞ በተለያዩ ጊዜያት ሲስተጓጎል የቆየ በመሆኑ፣ ከወልድያ የሚነሳ ተጓዥ የመንገዱን ሁኔታ ከሚመለከታቸው አካላት አጣርቶ መነሳት ይኖርበታል። ለወፍና ለደሴት ጉብኝት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ጀልባ ሲከራዩ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪም የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን መመልከት ያስፈልጋል። ደጋ እስጢፋኖስና ደቅ ድረስ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ በርትቶ ማዕበል ሳያስነሳ ለመመለስ ጉዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ቢጀመር ይመረጣል።